ጉልበተ ሰባራው ጠብመንጃ

የእኅቴ ልጅ ኑሮውን በአሜሪካ አገር በኮሎራዶ ከመሠረተ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ክረምት በጻፈልኝ ደብዳቤ የአጋዘን አደን ፈቃድ ማውጣቱን ከገለጸልኝ በኋላ ሦስት ጥያቄዎች አቀረበልኝ። አንደኛው፥ ከምላጩ ሥር ማንሻ ካላቸው ጠብመንጃዎች መካከል ለአደን የትኛው ይሻለኛል? የሚል ነው። ሁለተኛው፥ አሮጌ መሣሪያ ሰብስቤ ማኖር ብፈልግ ከየትኛው ልጀምር? የሚል ነው። ሦስተኛውን የጻፈው ከፊርማው በታች ነበር፤ «ጋሼ፥ ጉልበተ ሰባራው አሁንም እርስዎ ዘንድ ነውን? በልጅነቴ ከዝናሩ ላይ ሰባት ጥይት ቈጥሬ ነበር፤ እንዳሉ ናቸው?»

ሁለቱን ጥያቄዎች በሳምንት ውስጥ መለስሁለት። ሦስተኛው ግን ይህን ጽሑፍ አስጀመረኝ።

አንባቢ አስቀድሞ እንዲረዳልኝ የምፈልገው አዳኝ አለመሆኔን ነው። ጎባ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ ያስተማርሁ ጡረተኛ ነኝ። ስለ መሣሪያ ያወቅሁትን ያህል ያወቅሁት ከቤታችን ግድግዳ ላይ አንድ ጠብመንጃ ተሰቅሎ ስላደግሁ ነው። ቤተ ሰባችን «ጉልበተ ሰባራው» ይለዋል። ከምላጩ በታች ያለው ረጅም ማንሻ ወደ ፊትና ወደ ታች ሲገፋ እንደ ሰው ጉልበት ይታጠፋል፤ በዚያን ጊዜ የጥይት ማጉረሻውን የሚዘጋው ብረት ዝቅ ይልና ባዶው ቀለህ ተስፈንጥሮ ይወጣል። አንድ ጥይት በእጅ አጉርሶ ማንሻውን ሲመልሱት ለመተኮስ ዝግጁ ነው። ካዝና የለውም፤ አንድ ተኩሶ አንድ ማጉረስ ነው። ከጎኑ የዘውድ ምልክትና የንግሥት ቪክቶሪያ ስም መነሻ ፊደላት ከኤንፊልድ ፋብሪካ ስም ጋር ተቀርጸውበታል። የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1871 የተቀበለው፥ እ.ኤ.አ. በ1879 በዙሉ ጦርነት የተዋጋበት ማርቲኒ ሄንሪ የሚባለው ጠብመንጃ ነው። ክብደቱ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፤ አረሩ ብቻውን 31 ግራም ያህል ይመዝናል።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ብወጣ የቋንቋ መምህራን ይቅር ይሉኛል ብዬ አምናለሁ። የአገራችን ሰው መሣሪያ ሲገዛም ሲማርክም ስሙን አብሮ ማርኳል። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት ውጅግራ ሆነ፤ ስናይደር ሰናድር፥ ማንሊኸር ምንሽር፥ ለቤል ለበን ተባሉ። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር የተማረከው ሬሚንግተንም ነበረ። ገጣሚው አርቱር ራምቦ እንኳ ግጥም መጻፍ ትቶ ግመል ጭኖ በ1879 ዓ.ም. ሸዋ የደረሰው አሮጌ ጠብመንጃ ለምኒልክ ለመሸጥ ነበር። ፎካሪና አቅራሪ በየዘመኑ እነዚህን ስሞች እንደ ፈረስ ስም አንቈላጵሷቸዋል። ስለዚህ ማንም ሰው መሣሪያ ልሰብስብ ቢለኝ ስሞቹን ሰብስብ፤ ክብደትም የላቸውም ፈቃድም አይጠይቁም እለዋለሁ። ይህን ለእኅቴ ልጅ ጽፌለት አልሳቀም።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ለአደን ሲባል ጠብመንጃ የሚመረጠው ከመደብር ሳይሆን ከመሬቱ ነው ባይ ነኝ። «የምታድንበት አገር ሐረናን ይመስላል ወይስ ሳነቴን?» ብዬ ጠየቅሁት። ሐረና ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ እንስሳው የሚታየው ከሃምሳና ከሰማንያ ሜትር ነው፤ ታይቶም አይቆይም። እንዲህ ባለ ስፍራ አጭርና ቀላል፥ ከትከሻ ሳይወርድ ማንሻው ተመትቶ ሁለተኛ ጥይት የሚያጎርስ ጠብመንጃ ብልጫ አለው። ለዚህ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የ1894 ሞዴል ዊንቸስተር፥ 30-30 የሚባለውን ጥይት የሚተኩሰው፥ ተስማሚ ነው። ከሰባት ሚሊዮን በላይ መመረቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን እስከ 150 ሜትር ገደማ እንጂ ከዚያ በላይ አይታመንም። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ አንዱ ካንዱ ኋላ ስለሚሰለፉ፥ የአንዱ አረር ጫፍ የፊተኛውን ጥይት መቀጣጠያ ይነካል፤ ጫፉ ሹል ከሆነ ጠብመንጃው በተወዛወዘ ጊዜ እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ጫፈ ደልዳላ አረር ይጎርሳል፤ ደልዳላው አረር ደግሞ ነፋሱን ስለማይሰነጥቅ ሩቅ ሳይሄድ ይደክማል።

ሳነቴ ሌላ ነው። አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ገላጣ ሜዳ፤ ዓይን ያየውን ሁሉ እጅ የሚደርስበት ይመስለዋል። እንደዚያ ያለ አገር ከሆነ የ1895ቱን ሞዴል ይያዝ አልሁት። ይኸኛው ቱቦ ሳይሆን ካዝና ስላለው ሹል ጥይት ይጎርሳል፤ ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1909 ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይዞት መጥቷል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩሲያ ሦስት መቶ ሺህ ያህል አዝዛለች። በፊልም ላይ የምናየውን የ1873ቱን ሞዴል ግን ለአጋዘን አልመከርሁትም። ጥይቱ ከሽጉጥ ጥይት ብዙ አይበልጥም፤ ያቈስላል እንጂ በጊዜው አይጥልም። «ያቈስላል» የምትለውን ቃል ስጽፍ እጄ መዘግየቱን አስታውሳለሁ።

ስለ መሰብሰብ የጻፍሁለት አጭር ነው። አሮጌ ጠብመንጃ አይወለወል፤ ዝገቱ ይቁም፥ ዘይት ብቻ ይቀባ፤ የተቀባባ ብረትና አዲስ የተፋቀ ሰደፍ ዋጋውንም ታሪኩንም ያጠፋሉ። የአፈሙዙ ውስጥ ጥምዝ በብርሃን ይታይ። በተለያየ ብረት ላይ የተመታው ቍጥር እርስ በርሱ ይመሳከር። የ1894ቱን ሞዴል ከሆነ ፋብሪካው አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1964 ከመለወጡ በፊት የተሠራውን ሰብሳቢዎች ያስቀድማሉ። በአሜሪካ ሕግ እስከ 1898 የተሠራ ጠብመንጃ እንደ ጥንታዊ ዕቃ ይቈጠራል። ከሁሉ በላይ ግን ማን እንደ ያዘውና ምን እንደ ተሠራበት የሚናገር ወረቀት አብሮት ይኑር።

ይህን ካልሁ በኋላ ነው የራሴ ግድግዳ የታየኝ። ጉልበተ ሰባራው ወረቀት ቢኖረው ምን ይል ነበር?

አርሲ በ1870ዎቹ መጨረሻ በራስ ዳርጌ ከተያዘ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሌም ተያዘ። የእናቴ አያት ይህን ጠብመንጃ ትከሻው ላይ አንግቶ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር። እንደ ማዕርጉ ገባሮች ተቈጠሩለት። የአባቴ አያት ደግሞ በሮቤ በኩል ከገባሮቹ አንዱ ነበር፤ ማር ገብሯል፥ እህል ፈጭቶ አስገብቷል፥ አጥር አጥሯል። አንዱ ቅድመ አያቴ በዚህ ብረት በላ፤ ሌላው በዚህ ብረት ምክንያት ጦሙን አደረ። በሦስተኛው ትውልድ ሁለቱ ቤቶች ተጋቡና እኔና እኅቴ ተወለድን። ጠብመንጃው ለአባቴ የደረሰው በጋብቻ ነው፤ ታዲያ አባቴ አንድም ቀን አንግቶት አላየሁም። ዋቆ ጉቱ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረበትንና ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. የቆየውን የባሌ ዐመፅ ሕዝቡ በአንድ የጠብመንጃ ዓይነት ስም «ዶምቢር» እያለ ይጠራዋል። በእነዚያ ዓመታት አባቴ ከመንግሥትም ከዐማፅያንም ሸሽጎ ጉልበተ ሰባራውን ከነዝናሩ ገብስ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው። ሲወጣ ሰደፉ ሻግቶ ነበር። ጥይቶቹን እናቴ በጨርቅ ወለወለቻቸውና አበሩ፤ የእኅቴ ልጅ የቈጠራቸው እነዚያን ነው።

አሁን ወደ ሰባተኛዋ ጥይት እደርሳለሁ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፥ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጠባቂ አልባ ሆነ። ዲንሾና ጋይሳይ አካባቢ መሣሪያ ያለው ሁሉ አጋዘን ይገድል ጀመር። የወር ደመወዛችን መቼ እንደሚከፈል አይታወቅም ነበር፤ ነገር ግን ያስወጣኝ ረሃብ ነው ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። ሁሉም ሰው ሲተኩስ የእኔ ጠብመንጃ ዝም ብሎ መሰቀሉ ወንድነቴን የነካው መሰለኝ። ተማሪዎቼን የግዳይን ባህል እያብራራሁ ሳስተምር የነበርሁ ሰው፥ አንድ ማለዳ ከአንድ የዲንሾ አዛውንት ገበሬ ጋር ጋይሳይ ሜዳ ዳር ተጋደምሁ።

ሣሩ ላይ አመዳይ ነበር። የደጋ አጋዘኖቹ ከጉሙ ሲወጡ አስቀድሞ የታየኝ የአውራው ቀንድ ነው፤ ተጠማዝዞ ወደ ላይ የሚወጣ፥ ጫፉ የነጣ ቀንድ። ይህን እንስሳ የዓለም ሳይንስ ስም አውጥቶ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ይህን ሁሉ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። መቶ እርምጃ ያህል ሲቀረው ምላጩን ሳብሁ። «ጠቅ» አለና ዝም አለ። ከሸፈ ብዬ አፈሙዙን ዝቅ ሳደርግ ጠብመንጃው ጮኸ። ለካ እርጥበት የነካው መቀጣጠያ ዘግይቶ ነው እሳቱን ያደረሰው። ነጩ የባሩድ ጢስ ፊቴን ሸፈነኝ። ሲገልጥ አውራው የኋላ እግሩን እየጎተተ ወደ አስታው ቁጥቋጦ ሲሄድ አየሁት። ማንሻውን ገፋሁ፤ አልታጠፍ አለ። ያረጀው ቀለህ አብጦ ተቀርቅሮ ነበር። ሁለተኛ መተኮስ አልቻልሁም።

ደሙን ተከትለን እስከ ቀትር ሄድን። አስታው ውስጥ ጠፋብን። አዛውንቱ ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ፥ «መምህር፥ ማታ ጅብ ይጨርስልሃል» አለኝና ሌላ ምንም ሳይናገር ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያን ጊዜ እጅግ ብዙ አጋዘን አለቀ። ጥበቃው ሲመለስ ቀስ በቀስ አገገሙ፤ ፓርኩም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የበዓሉን ዜና በሬዲዮ የሰማሁት ከጉልበተ ሰባራው ሥር ተቀምጬ ነው።

ለእኅቴ ልጅ እንዲህ ስል ጻፍሁለት። ጠብመንጃውን ልልክልህ አልችልም፤ መሣሪያን በአዋጅ ቍጥር 1177/2012፥ ቅርስን በአዋጅ ቍጥር 209/1992 የሚጠብቅ ሕግ አለ፤ እኔም ፈቃዴን ይዤ ነው የማኖረው። አሮጌ ጥይት በምንም ምክንያት አትተኩስ፤ አሮጌ ጠብመንጃም ባለሙያ መርምሮ ሳያይልህ አታጉርስ። ለአደን የምትይዘው ለስብስብ ከምታኖረው የተለየ ይሁን። ከዝናሩ ላይ ስድስት ጥይቶች አሉ። የሰባተኛዋ ቀለህ እስከ ዛሬ ድረስ ጠብመንጃው ውስጥ እንደ ተቀረቀረች ነች፤ በዘይትም በእንጨት መዶሻም ሞክሬ አልወጣችልኝም። ከዚያ በታች ከላይ የተረክሁትን ጻፍሁለት።

መልሱ ከወር በኋላ ደረሰኝ። ስለ አጋዘኑ ምንም አላለም። የ1894ቱን ሞዴል መግዛቱን ገልጾ፥ «ጋሼ፥ እዚህ አንድ ጥሩ ጠብመንጃ ሠሪ አውቃለሁ፤ ቀለሁ እንዴት እንደሚወጣ ልጠይቅልዎት?» ይላል።

አትጠይቅ፥ እንዳለ ይቆይ አልሁት።