አነደደ እና አናደደ

ተማሪዎች ሆይ፣ የማወጋችሁ ነገር ከአንዲት ፊደል የተነሣ ነው። ፊደሏ «ነ» ናት። በግእዝ ስትጻፍ እሳት ታነዳለች፤ በራብዕ «ና» ስትባል ሰው ታናድዳለች።

ከብዙ ዓመታት በፊት በደቡብ ኦሞ፣ በኦሞራቴ ከተማ አማርኛ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል የኦሞን ወንዝ በታንኳ እየተሻገሩ የሚመጡ የዳሰነች ልጆች ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት ከኩሻዊ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በዳሰነች ቋንቋ ነው፤ አማርኛን ያገኙት ከመጽሐፍና ከገበያ ነው። ከእነርሱ አንዱ፣ ዝምተኛ ልጅ፣ «የቤታችን ማለዳ» በሚል ርእስ ድርሰት ሲጽፍ «እናቴ ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ እሳት አናደደች» አለ። እኔም ዓረፍተ ነገሩን ለክፍሉ ጮክ ብዬ አነበብሁና «ለመሆኑ እሳቱ ምን በድሏት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሣቅ አውካካ። ልጁ ደብተሩን ከድኖ አቀረቀረ።

በማግሥቱ ወንበሩ ባዶ ነበር። ወሩ መስከረም ስለ ነበረ «ወንዙ ሞልቶበት ይሆናል» እያልሁ ራሴን አታለልሁ፤ ሌሎቹ የማዶ ልጆች ግን መጥተው ነበር።

እስቲ ስሕተቱን እንመርምረው። ሁለቱም ግሶች የተገኙት «ነደደ» ከሚለው ግስ ነው። «አነደደ» አስደራጊ ነው፤ ተሳቢው እንጨት፣ ኩበት ወይም እሳት ይሆናል። «ተናደደ» እና «አናደደ» ግን በመልካቸው «ተካሰሰ» እና «አካሰሰ»ን ይመስላሉ፤ ፍቺያቸው ወደ ሰው ስሜት ዞሯል እንጂ ተደራራጊና አደራራጊ በተባሉ ነበር። ሲነገርም የ«አናደደ» «ና» ይጠብቃል፤ የ«አነደደ» «ነ» ይላላል። ጽሕፈታችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ ከገበያ በጆሮው ለሚማር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግሞስ ንዴትን ከእሳት የወሰደው ቋንቋው ራሱ አይደለምን? ልጁ የተወሰደውን ቢመልስ ነው።

የሚያናድድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ወሬም፣ ሣቅም፣ የዘገየ አውቶቡስም ያናድዳል። ተሳቢው ግን ስሜት ያለው መሆን አለበት። «አስቆጣ» ከዚህ ከበድ ይላል። ብዙ ጊዜ የሚቆጣው የበላይ ነውና፣ ልጅ አባቱን፣ ተማሪ መምህሩን ያስቆጣል። «መምህሩ ተማሪውን አስቆጣው» ቢባል ጆሮን ይጎረብጣል፤ ለምን እንደሚጎረብጥ በዚያ ሳምንት ደጋግሜ አሰብሁበት። «አስቀየመ» ደግሞ ሌላ ነው። የተናደደ ሰው ይጮኻል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ጥቂት ቆይቶም ይበርድለታል፤ የተቀየመ ሰው ግን ዝም ይላል፤ ሰላምታ ቢሰጥ እንኳ ልቡ አይመለስም።

በአራተኛው ቀን ልጁ መጣ። እኔም «አነደደ»፣ «አናደደ» እና «አስቀየመ» የሚሉትን ግሶች በሰሌዳው ላይ ጽፌ፣ ተማሪዎቹ በየግሱ አንዳንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ አዘዝሁ። ልጁ ደብተሩን ሲሰጠኝ ቀና ብሎ አላየኝም። እንዲህ ይላል፦

«እናቴ እሳት አነደደች። የክፍሉ ሣቅ አናደደኝ። መምህሬ አስቀየሙኝ።»

ቀይ ብዕሬን እንደ ያዝሁ ብዙ ቆየሁ። የሚታረም ፊደል አልነበረውም።