ነጥብና ሰረዝ

በደርግ ዘመን አባቴ ማታ ማታ ራዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ አጭር ሞገድ ያዳምጥ ነበር፤ እኔ በሩን እጠብቃለሁ።

ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ የአማተር ራዲዮ ፈቃድ አለኝ። ቤዝመንቴ ውስጥ ማሰራጫ፣ ጓሮዬ ውስጥ በሁለት ዛፎች መሀል የወጠርኩት 10 ሜትር ሽቦ አለ፤ በ14 ሜጋኸርዝ የሚሠራ አንቴና ነው።

የኢትዮጵያ ጣቢያዎች መጠሪያ በ«ኢ.ቲ.» ይጀምራል። በሞርስ «ኢ» አንዲት ነጥብ፣ «ቲ» አንዲት ሰረዝ ናት። ከላቲን ፊደላት በአንድ ምልክት ብቻ የሚተላለፉት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ በጩኸት መሀል በቀላሉ ያመልጣሉ።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰማኋቸው። ደጋግሜ ጠራሁ። ከየአገሩ የሚጠራው ብዙ ነበርና ምልክቴ ተዋጠ።

አዲስ አበባ ደወልኩ።

«አባዬ፣ አገሬን ሰማሁ፤ ግን አልመለሱልኝም።»

ሳቀ። «እኔ ዕድሜ ልኬን ስሰማ ማን መለሰልኝ? አንተ መናገሪያ አለህ። ነገም ጥራ።»