አሥራ ሁለት ምርጫና አንድ ዕጣ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ የካቲት

ታናሽ እኅቴ ማታ ከሥራ ስትገባ ስልኳን ዘረጋችልኝና «ጋሼ፣ አንተ መምህር አይደለህ? እስቲ የቱን ላስቀድም?» አለችኝ። ገጹ የተጻፈው በአማርኛ ነው። ከጎጃም፣ ከአማኑኤል ተነሥቼ፣ ውቅያኖስ ተሻግሬ፣ በሰው አገር የከተማ አስተዳደር ቅጽ ላይ ፊደላችንን ሳገኘው ለአፍታ ቃል አጣሁ። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶች ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው።

ከፊደሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ጉዳዩ ነው። የአራት ዓመቷ የእኅቴ ልጅ ትምህርት ቤት የምትገባው በዕጣ ነው! ወላጅ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል ይመርጣል፤ ኮምፒውተር ዕጣውን ያወጣል፤ ያልደረሰው ተጠባባቂ ሆኖ ይቆያል።

ከእኅቴ ምርጫዎች ብዙዎቹ «ቻርተር» የሚባሉት ናቸው። ገንዘቡ ከመንግሥት ነው፣ ወላጅ አይከፍልም፤ የሚያስተዳድረው ግን የራሱ ቦርድ ያለው ድርጅት ነው። መምህራኑን ራሱ ይቀጥራል፣ ትምህርቱን ራሱ ይቀርጻል፤ ውጤት ካላመጣ ፈቃዱን ይነጠቃል። ሕጉ መጀመሪያ የወጣው በ1991 በሚኒሶታ ነው፤ ዲሲ በ1996 ጀመረች። ዛሬ በከተማዋ በመንግሥት ገንዘብ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቻርተር ውስጥ ናቸው። በኒው ኦርሊንስማ ከ2005ቱ የካትሪና አውሎ ነፋስ በኋላ ከሰባት ሺህ የሚበልጡ የትምህርት ሠራተኞች ተሰናብተው፣ ትምህርት ቤቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ቻርተር ዞረዋል።

እኅቴ ቻርተርን ትወዳለች። ትልቁ ልጇ እዚያ ገብቶ ማንበብ የቻለው በአንድ ዓመት ነው፤ መጽሐፉን ይዞ እየመጣ ያነብልኛል፣ እኔም ደስ እያለኝ እሰማዋለሁ። ችግሩ መንገዱ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ ታደርሰውና ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። ከቤቷ አምስት ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ደግሞ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አለ። ጡቡ ቀይ፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ግቢው ጸጥ ያለ ነው።

ያ ጸጥታ ሲያሳስበኝ ሰነበተ። እዚህ በጀት የሚመደበው በተማሪ ቁጥር ነው፤ ልጅ ወደ ቻርተር ሲሄድ ገንዘቡም አብሮት ይሄዳል። ሃያ ልጅ ከየክፍሉ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ቢወጣ ግን ጣሪያው አይጠብም፣ የክረምቱ ማሞቂያ አይቀንስም፣ ከመምህራኑም ግማሽ ሰው አይሰናበትም። በ2008 ከተማዋ ተማሪ የሳሳባቸውን 23 ትምህርት ቤቶች ዘጋች። በ2024 ነሐሴ ደግሞ ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት አንድ ቻርተር በገንዘብ እጦት ተዘግቶ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ሌላ ቦታ ፍለጋ ወጡ።

ትምህርት ቤት መምረጥ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። የቅኔ ተማሪ ዋሸራ ይላል፣ ጎንጅ ይላል፣ ከእኛ ጎረቤት ደብረ ኤልያስ ይወርዳል፤ የመምህሩን ስም ሰምቶ አኮፋዳውን አንግቦ ይሄዳል። ምርጫውን የሚቀልበው ግን አገር ነው። ተማሪው በየደጁ «ስለ ማርያም» ሲል ባላገሩ ልጁ ባይሆንም ቁራሽ ይሰጠዋል። እዚህ የምርጫው ስንቅ የእኅቴ እንቅልፍ ነው። ሁለት ሥራ ያላት፣ ስለ ቅጹ በጊዜ ያልሰማች እናትስ? ያቺ ልጇን የምትልከው ወደዚያ ጸጥ ወዳለው ግቢ ነው።

አማኑኤል ላይ የነጋዴውም የገበሬውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል። ክፍል ሲጠብ ወላጅ ተሰብስቦ ያዋጣል፣ ባሕር ዛፉን ቆርጦ ተሸክሞ ይመጣል። አሁን ጦርነት በክልላችን ስንቱን ትምህርት ቤት ዘግቶ ልጆች ቤት በዋሉበት ዘመን፣ አሥራ ሁለት ትምህርት ቤት ከፊቴ ተደርድሮ ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። እኅቴ አላየችኝም።

የማመልከቻው ጊዜ ሊያበቃ አንድ ቀን ሲቀረው ስልኩን ሰጠችኝ። የሰፈሩን ትምህርት ቤት አንደኛ ላይ ላደርገው ብዬ ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«እሱን አራተኛ አድርገው፣ ጋሼ» አለችኝ ቀስ ብላ።

አራተኛ አደረግሁት።