ጥያቄው የየትኛው መረብ ነው? ስለ ሱፐርኮንዳክተር ኬብልና ስለ ሰሜን ጎንደር መስመሮች

ጎንደር ላይ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ከሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጋር ስለ ጥናት ርዕስ ስንወያይ፣ ደጋግሞ ከሚነሡት ሐሳቦች አንዱ የሾርት ሰርኪት ጅረትን በራሱ የሚገድብ የሱፐርኮንዳክተር ኬብል ነው። ርዕሱ እኔንም ይማርከኛል። ሆኖም ተማሪው ዓመታቱን ከመስጠቱ በፊት፣ ጥያቄው ከየትኛው የኤሌክትሪክ መረብ እንደ ተነሣ ሊመረምር ይገባዋል እላለሁ።

የኬብሉ ብልሃት ከቁሱ ተፈጥሮ ይመነጫል። ሆላንዳዊው ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 እ.ኤ.አ. ሜርኩሪ እስከ 4.2 ኬልቪን ገደማ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ሙግደቱ እንደሚጠፋ ደረሰበት። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር በሴራሚክ ቁሶች ላይ ያገኙት ውጤት አዲስ በር ከፈተ፤ በማግስቱ ዓመትም ከ90 ኬልቪን በላይ የሚሠራ ቁስ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ለማቀዝቀዣነት ከሂሊየም ይልቅ ርካሽ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጂን በቂ ሆነ። ቁሱ ያለ ሙግደት የሚሸከመው ጅረት ግን ወሰን አለው። በሾርት ሰርኪት ጊዜ ጅረቱ ወሰኑን ሲያልፍ ሙግደቱ በጥቂት ሚሊሰከንዶች ውስጥ ይመለሳል፤ ኬብሉም ራሱ ልጓም ይሆናል። በ50 ኸርትዝ መረብ የመጀመሪያው የጅረት ጫፍ የሚደርሰው በ10 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ ሰርኪት ብሬከር ሊቀድመው አይችልም።

ይህ ልጓም የተፈለገው ኃይል በተጨናነቀባቸው ከተሞች ነው። በጀርመን ኤሰን ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. 1 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በ10 ኪሎ ቮልት 40 ሜጋ ዋት የሚያደርስ ኬብል ከጅረት ገዳቢ ጋር ተጣምሮ ተዘረጋ። በቺካጎ ደግሞ በ2021 ጅረቱን ኬብሉ ራሱ የሚገድብበት ሥርዓት ሥራ ጀመረ። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ማከፋፈያ ጣቢያዎች እርስ በርስ በተያያዙ ቁጥር የሾርት ሰርኪት ጅረት ብሬከሮች ሊቆርጡት ከሚችሉት መጠን እየተጠጋ ይሄዳል።

የእኛ ደጋ ችግር የዚህ ተቃራኒ ነው። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ አቅጣጫ ያለውን ገጠር በመሰለ አካባቢ የሚዘረጋን የ33 ኪሎ ቮልት መስመር እናስብ። በኪሎ ሜትር 0.5 ኦም ብንወስድ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ጫፍ ላይ ሦስቱ ፌዞች ቢነካኩ እንኳ ጅረቱ ከ380 አምፔር እምብዛም አያልፍም። አንድ ሽቦ ተበጥሶ በበጋ በደረቀ ዐለታማ መሬት ላይ ቢወድቅና ጠቅላላው ሙግደት 500 ኦም ቢሆን፣ ጅረቱ ከ40 አምፔር በታች ይሆናል። ያው መስመር 3 ሜጋ ዋት ሲያደርስ ግን ከ50 አምፔር በላይ ይሸከማል። በፌዝ ጅረት መጠን ብቻ የሚፈርድ መከላከያ የወደቀውን ሽቦ ከተራ ጭነት ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ሽቦው ኃይል እንደ ያዘ ይተኛል፤ እረኛና ከብት በአጠገቡ ያልፋሉ። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚያስፈልገን ጅረቱን ማየት ነው፤ መገደቡ ጥያቄያችን አይደለም።

ይህን ስል ርዕሱ ለኢትዮጵያ ባዕድ ነው ማለቴ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋት የጣና በለስ ጣቢያ፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ተመረቁ። አመንጪዎች ሲበዙና መረቡ ሲጠብቅ፣ የሾርት ሰርኪት ጅረትም በተለይ እንደ አዲስ አበባ ባሉ የጭነት ማእከሎች ያድጋል። ፈሳሽ ናይትሮጂንም ቢሆን በሀገራችን የከብት አዳቃይ ቴክኒሻኖች በየወረዳው ይዘውት የሚዞሩት ነገር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ በክፍት ዕቃ ያለ ናይትሮጂን እዚህ ከ77 ኬልቪን ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ይፈላል፤ ቁሱ የሚሸከመው ጅረትም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ይህን በአንድ ቁራጭ የሱፐርኮንዳክተር ሪባን መለካት ትንሽ፣ ነገር ግን ቦታውን ያወቀ ጥናት ነው።

ስለዚህ ምክሬ ሁለት መንገድ ያለው ነው። በኬብሉ የተማረከ ተማሪ የወደፊቱን የአዲስ አበባ መረብ ይስላ፤ ልጓሙ የሚገባበትን ጣቢያም ይፈልግ። የሰሜን ጎንደርን መስመር የመረጠ ግን የአፈሩን ሙግደት በበጋና በክረምት ይለካ፤ 40 አምፔሩን የሚለይ የምድር ጥፋት ሪሌይም ያስተካክል። የሁለተኛው ሥራ ስም እንደ መጀመሪያው አያብረቀርቅም፤ ዋጋው ግን በሽቦው አጠገብ ለሚያልፈው እረኛ የሕይወት ያህል ነው።