ከጣርማ በር ቁልቁል በአሮጌ ሞተር ብስክሌት

አንባቢ ሆይ፤ በ1967 እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ 649 ሲሲ ትራያምፍ ቦነቪል እጅህ ገብቶ እንደሆነ፣ ከደብረ ብርሃን ተነሥተህ ወደ ደብረ ሲና ለመውረድ አትቸኩል። አስቀድመህ እግሮችህን አስተምራቸው። በዛሬዎቹ ሞተር ብስክሌቶች የእግር ፍሬኑ በቀኝ ነው፤ በዚህኛው ግን በቀኝ ያለው ማርሹ ሲሆን ፍሬኑ በግራ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን አህያ መንገድ ስታቋርጥ ፍሬን ብዬ የረገጥሁት ማርሹን ነበር፤ አህያይቱ በራሷ ብልኀት ዳነች።

ወደ ጣርማ በር ስትወጣ መንገዱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ይሳሳል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስምና ሞተሩ ይታፈናል፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ፈትተህ ጥረገው። የካንዴላ መፍቻ ሳትይዝ ከቤትህ አትውጣ።

ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ እንዳለፍህ ብዙ ጊዜ ጉም ይቀበልሃል፤ ቁልቁለቱም እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ አይለቅህም። የዚህ ሞተር ፍሬን ባለ ታምቡር ነው፤ አብዝተህ ከያዝኸው ይግልና መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩ ራሱ ይያዝህ። ከኋላህ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ቢያስጮኽብህ ዳር ይዘህ አሳልፈው፤ አትሽቀዳደም።

እኔ ደብረ ሲና ስደርስ ጣቶቼ መሪውን እንደ ጨበጡ ደርቀው ነበር። የቀረበልኝን የሻይ ብርጭቆ በሁለት እጄ ያዝሁት።