ቍስሉና ምክንያቱ

ስንክሳራችን የአንድን ሰማዕት ዕረፍት ሲነግረን «ሞተ» ብሎ ብቻ አያልፍም፤ በየትኛው ንጉሥ ዘመን፣ በምን ምክንያትና በምን ዐይነት መከራ እንደ ሆነ ጨምሮ ይተርክልናል። ምክንያቱ ያልተነገረለት ሞት ለሰሚው ትምህርት አይሆነውምና። ይህን ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ የለመድሁትን ሥርዓት ከብዙ ዘመን በኋላ ባላሰብሁት ስፍራ፣ ይኸውም በሐኪም ቤት መዝገብ ውስጥ አገኘሁት። ለክርስቲያን ቤተሰብ ሁሉ የሚጠቅም ነገር ስላለበት እነሆ እጽፈዋለሁ።

ሐኪሞች በሽታንና ጉዳትን በፊደልና በቍጥር እየለዩ የሚመዘግቡበት «ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ» የሚባል ሥርዓት አለ። መነሻው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1893 ዓ.ም. በቺካጎ ከተማ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ፈረንሳዊው ዣክ ቤርቲዮን ያዘጋጀውን የሞት ምክንያቶች ዝርዝር መቀበሉ ነው። በዚያው አቈጣጠር በ1948 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ሥራውን ተረከበ፤ ከሞት ሌላ ሕመምና ጉዳትም እንዲመዘገብበት ሆነ። ዐሥረኛው እትም በ1990 ዓ.ም. ጸደቀ፤ ዐሥራ አንደኛውም በ2019 ዓ.ም. ጸድቆ ከ2022 ዓ.ም. መባቻ አንሥቶ ሥራ ላይ ውሏል።

የሥርዓቱ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ጉዳት ለደረሰበት ሰው ሁለት ነገር ይጻፍለታል፤ አንደኛው ምኑን እንደ ተጎዳ፣ ሁለተኛው በምን እንደ ተጎዳ። ለምሳሌ በዐሥረኛው እትም በእጅ አንጓ አጠገብ ያለው የክንድ አጥንት ሲሰበር «ኤስ 52.5» ተብሎ ይመዘገባል። ይህ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ሰውዬው የተሰበረው ግጭት ሳይኖር አውቶቡስ ሲሳፈር ወይም ሲወርድ እንደ ሆነ «ቪ 78.4» ይጨመርበታል፤ በባጃጅ እንደ ሆነ «ቪ 38.4»፣ በከባድ የጭነት መኪና እንደ ሆነ ደግሞ «ቪ 68.4» ይሆናል። በእነዚህ ሁሉ ከነጥቡ ቀጥላ የምትገኘው አራት ቍጥር «ሲሳፈር ወይም ሲወርድ» ማለት ናት። አንባቢ ሆይ፣ አስተውል፤ አንድ እግር በመኪና አንድ እግር በመሬት ላይ ለሚሆንባት ለዚያች አጭር ቅጽበት የራሷ ቍጥር ተሰጥቷታል።

ከጅጋ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ የሚመላለስ መንገደኛ ይህች ቍጥር ለምን እንዳስፈለገች ለመረዳት አስተማሪ አይሻም። ገበያተኛው «ወራጅ አለ!» ብሎ ሲጣራ ሚኒባሱ ይቀዘቅዛል እንጂ ፈጽሞ አይቆምም፤ ረዳቱም በሩን ከፍቶ «ቶሎ፣ ቶሎ» እያለ ያጣድፋል። ሕፃን ያዘለች እናት አንድ እግሯን መሬት ሳታስነካ፣ ነጠላዋም በበሩ እንደ ተያዘ መኪናው ይነሣል። ወደ ገጠር ቀበሌ የሚሄደው ሰው ደግሞ ከአይሱዙው ጭነት ላይ ጎማውን እየረገጠ ይወርዳል፤ ዝናም በጣለ ጊዜ ጎማው ጭቃ ነው።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት ባልቴት ከንግሥ በዓል ሲመለሱ ከሚኒባስ ደረጃ ላይ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ልጠይቃቸው ሄጄ ካርዳቸውን ባየው፣ የታከሙበት ስፍራ የጻፈላቸው «ወድቀው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው። «እማማ፣ ከመኪና ሲወርዱ መሆኑን አልነገሩምን?» አልኋቸው። «ልጄ፣ የጠየቁኝ የት እንደሚያመኝ ነው፤ መውደቁስ የእኔው ዕጣ አይደል?» አሉኝ። መልሳቸው የትዕግሥተኛ ሰው መልስ ነው፤ ነገር ግን የእርሳቸው ስብራት በጓሮ አዳልጧቸው ከወደቁት ሰዎች ጋር ተደመረ። ወደ ወጌሻ የሚሄዱት ብዙዎች ደግሞ ከነጭራሹ ከቍጥር አይገቡም።

ያልተቈጠረ መከራ እንዳልነበረ ይታሰባል። በአውሮፓውያን 2016 ዓ.ም. በአገራችን በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብለው የተመዘገቡት 4,352 ሰዎች ሲሆኑ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ግምቱን ከ27,000 በላይ አድርጎታል። የሞተው እንኳ እንዲህ ከመዝገብ ከተሰወረ፣ እጁን አሥሮ ወደ ቤቱ የገባው እንደ ምን ይታወቃል? ካልታወቀስ፣ «ደረጃው ዝቅ ይበል፤ በሩ ሳይዘጋ መኪናው አይነሣ» ብሎ የሚያዝዝ ከወዴት ይመጣል?

በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ከሰገነቱ ሰው ወድቆ የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን፣ በዙሪያው መከታ እንዲያደርግ ታዝዟል። ሕጉ የወደቀውን ሰው «ዕጣህ ነው» ብሎ አላሰናበተውም፤ ባለቤቱን ጠየቀ እንጂ። እግዚአብሔር የሰጠንን ሕይወት መጠበቅ ከእምነት ጕድለት አይቈጠርም። እንግዲህ ሾፌሩና ረዳቱም ለመኪናቸው ደረጃ እንደ ባለ ሰገነቱ ተጠያቂዎች ናቸው።

ስለዚህ ከቤተሰባችን አንዱ በዚህ ዐይነት ቢጎዳ፣ በካርድ ክፍልም ሆነ በሐኪሙ ፊት ሦስት ነገር እንንገር፤ ተሽከርካሪው ምን ዐይነት እንደ ሆነ፣ ጉዳቱ ሲሳፈር ነው ወይስ ሲወርድ፣ መኪናው ቆሞ ነበር ወይስ ይንቀሳቀስ ነበር። ይህም በካርዱ ላይ እንዲሰፍር በትሕትና እንለምን። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን የመድን አዋጅ ቍጥር 799 በተሽከርካሪ አደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ መደንገጉን ስናስብ፣ «ከመኪና ሲወርድ» የሚለው ቃል ለተጎጂው ምን ያህል እንደሚረባው እንረዳለን።

ከጉዳቱ በፊት ደግሞ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም ማንም አይውረድ። ነጠላና ቀሚስ ይሰብሰብ፤ ዕቃውን አስቀድሞ ሌላ ሰው ይቀበል፤ ከባጃጅ የሚወርድ በመንገዱ ዳር በኩል ይውረድ። ወጣቶች ሆይ፣ አረጋውያንን እጃቸውን ይዛችሁ አውርዱ፤ ረዳቱ ቢያጣድፍም «ቆይ፣ ይውረዱ» ማለት ነውር የለበትም።

ፍኖተ ሰላም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መዝሙረኛው ዳዊት መግባታችንንና መውጣታችንን እንደሚጠብቅ የመሰከረለት አምላክ መንገደኞችን ሁሉ በሰላም ያግባልን፤ ለእኛም እርስ በርስ የምንጠባበቅበትን ልቡና ይስጠን። አሜን።