የወላይታ እርሻ ከሰማይ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ ሰው የዳሞታን ተራራ ባየ ጊዜ ሶዶ እንደ ደረሰ ያውቃል። ከተማዪቱ በተራራው ግርጌ ተቀምጣለች፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆናለች። ከተራራው ወገብ ሆነን ቍልቍል ስንመለከት እርሻው እጅግ በትንንሹ ተከፋፍሎ አየነው። አገሩ ሕዝብ የበዛበት ስለ ሆነ ከግማሽ ሄክታር በታች በሆነ መሬት ልጆቹን የሚያሳድግ ባላገር ብዙ ነው። በቤቱ ዙሪያ እንሰት፥ ቡናና ጎደሬ ይተክላል፤ ከዚያ ወዲያ በቆሎና ቦሎቄ ይዘራል።

እንዲህ ያለውን መሬት በገመድ መለካት ለለኪው ድካም፥ ለጎረቤት ጠብ ነው። ስለዚህ ከ2006 እስከ 2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ መንግሥት ርዳታ በተካሄደው ሥራ፥ በአማራ፥ በኦሮሚያ፥ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል ከላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ተዘርግቶ፥ ባለ መሬቱና ወሰንተኞቹ ባሉበት ድንበሩ በፎቶግራፉ ላይ ይሰመር ነበር። የምስክር ወረቀቱም በባልና በሚስት ስም ይጻፋል፤ ይህንስ ወይዛዝርት አንባቢዎቻችን ሳይወዱት አይቀሩም።

ድሮን የምትባለው ሰው የማይሳፈርባት ትንሽ በራሪ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ የቅጠሉን መልክ እንኳ ትለያለች። የምታነሣቸው ብዙ ሥዕሎች በኮምፒዩተር ተጋጥመው አንድ ካርታ ይሆናሉ። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ከቀይ ወዲያ ያለውን፥ ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ግን አብዝቶ ይመልሳል። ቅጠሉ ሲታመም መልሱ ይቀንሳልና ልዩው ካሜራ ይህን ይይዛል።

ለወላይታ ቤት ነገሩ የቀለብ ነገር ነው። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት ይቈያል፤ አጠውላጊው በሽታ ከገባበት ግን የዓመታት ድካም በጥቂት ጊዜ ይጠፋል። ሊቃውንት ይህን በሽታ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 በአገራችን መኖሩን ጻፉ፤ በ2001 በዩጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ። በ2020ም በኮንጎና በቤኒን የሙዝ እርሻ ከአየር በተነሡ ሥዕሎች የታመመውን ከጤነኛው የመለየት ሙከራ ውጤቱ ታተመ።

የወላይታ ጓሮ ግን ከሙዝ እርሻ ይልቅ ያስቸግራል። እንሰቱ ከቡናው ጋራ ተደባልቋል፥ ጥላው ይበዛል፤ ውሃ የጠማውና የታመመውም ከሰማይ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ወርዶ የቅጠሉን አገዳ ቈርጦ ቢጫ ፈሳሽ እንዳለበት የሚመረምር ሰው የግድ ያስፈልጋል። በሽታውን ከተክል ወደ ተክል ከሚያደርሱት ዋነኛው ቢላዋ ነውና፥ የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ቢላዋውን በእሳት ማቃጠል የሰው እጅ ሥራ ነው።

ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ አይበርም፤ ዋጋውም ለግማሽ ሄክታር ጌታ አይቀመስም። ነገር ግን በአንድ ባትሪ ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሚበር የብዙ ቤት ጓሮ በአንድ ቀን ይነሣል። ከአጥር በላይ ሆኖ የሰው ጓሮ የሚያይ ነውና፥ አስቀድሞ ለእማወራዎቹ መንገር ይገባል። ሥዕሉም በከተማ ቢሮ ሳይቈይ፥ ሴቶቹ ለፍቂያ ቢላዋ ሳያነሡ፥ በቀበሌው የግብርና ሠራተኛ እጅ መግባት አለበት።